ለሐዘንተኛው ዓሣ የመጣች ሙሽራ

የፀጉር ቤቴ ጣሪያ የአጎት ቲየንፋ ወለል ነው። ኪሉንግ ዝናብ የማይሰለቸው ከተማ ስለሆነ ደንበኛ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ከላይ የሚመጣውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሲያስነጥስ አውቃለሁ፣ ከራሱ ጋር ሲጣላም አውቃለሁ። ከሁሉ የለመድኩት ግን የሁለቱን እንጨቶች ድምፅ ነበር።

የጀመረው ሚስቱ ዩዌሻ ከሞተች በኋላ ነው። ፎቶዋ ፊት ቆሞ ይጠይቃታል፤ ከዚያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተጠረቡትን ሁለት እንጨቶች ወለሉ ላይ ይጥላል። አንዱ ተደፍቶ አንዱ ከተንጋለለ «እሺ» ብላለች። ሁለቱም ከተንጋለሉ እየሳቀች ነው፤ ሁለቱም ከተደፉ «እምቢ» ነው። ሌላው ሰው እንዲህ የሚጠይቀው ለከባድ ጉዳይ ነው፤ እሱ ግን ሾርባው ጨው አንሶታል ወይ ብሎም ይጠይቃታል። ዕድሜውን የወደብ ክሬን ሲነዳ የኖረ ደረቅ ሰው፣ በሕይወት ሳለች ያን ያህል አማክሯት አያውቅም።

ዩዌሻ ግማሽ አካሏ ከድቷት ሳሎን ስትተኛ፣ ዓይኗ የሚያርፍበት ነገር ብሎ የመስታወት ገንዳ አልጋዋ ፊት ለፊት አቆመላት። የባሕር ውሃ ሞላበት፤ ቀልደኛ የሚባሉትን፣ ነጭ ሸንተረር ያላቸውን ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎችም አስገባበት። ትልቋ ሴት ናት፣ ትንሹ ባሏ። ትንሹ እፊቷ ሲደርስ ጎኑን አዘንብሎ ይንቀጠቀጣል፤ «እሺ እመቤቴ» ማለቱ ነው። ዩዌሻ መናገር ባትችልም ይህን ባየች ቁጥር ዓይኗን ከዓሣው ወደ ቲየንፋ ታዞራለች፤ እኛም እንስቃለን፣ እሱም ይስቃል።

በመኸር ሞተች። ብዙም ሳይቆይ አውሎ ነፋስ መብራት አጠፋ፤ የገንዳው ሞተር ቆመና ትልቋ ዓሣም ሞተች። ትንሹ ብቻውን ቀረ።

«ሌላ ሚስት አምጣለት እንጂ፣ አጎቴ» አልኩት ፀጉሩን ስቆርጥ።

«ዓመት ሳይሞላ? አንቺን ያሳደገ ሰው የለም እንዴ?»

«ኧረ ዓሣ ነው!»

«ዓሣም ቢሆን የዚህ ቤት ነው። ሐዘን በተቀመጡበት ቤት ሠርግ አይደገስም።»

«ለአንተስ? አንዲት ጨዋ ደንበኛ አለችኝ፣ ዝንጅብል የገባበት ዶሮዋን ብትቀምስ...»

«አሜይ፣ ፀጉሬን ስትጠርጊ ምላስሽንም አብረሽ ጥረጊው!»

እውነቱን ለመናገር ዶሮውን እሱም ተክኖበት ነበር። የዩዌሻን አበባማ ሽርጥ አስሮ ገበያ ይወርዳል፤ የስኳር ድንች ቅጠል እንደ እሷ አንድ በአንድ እያገላበጠ ይመርጣል፣ ሻጮቹን በእሷ አነጋገር ይሞግታል። ዓሣውም በዚያ ዓመት ወፈረ፣ ረዘመ። ሐዘን ተስማማው ብለን ቀለድንበት።

የቲየንፋ ምኞት አንድ ነበር። የሙት ዓመቷ ሲደርስ፣ ነፍሷ ከአያቶቹ ጋር በምትቀላቀልበት ቀን፣ ዞር ብላ ብታይ ገንዳው ውስጥ እንደ በፊቱ ጥንድ እንድታገኝ። ሌላ ምንም ነገር አያስጨንቀውም ነበር።

ቀኑ ሲቃረብ ዓሣ ሻጩ ሊያዎ ዘንድ ሄዶ «ወንድ አለኝ፤ ሚስት ስጠኝ» አለው። ሊያዎም እንደታዘዘው አንዲት ወፍራም ሴት መርጦ ሰጠው።

«ቀዳዳ ባለው ቅርጫት አድርገው ገንዳው ውስጥ ያንጠልጥሏት፤ ይተያዩ» አለው። «ወንዱ ጎኑን አዘንብሎ ሲንቀጠቀጥላት ያን ጊዜ ይልቀቋት። ካልተንቀጠቀጠ ግን እንዳይሞክሩት!»

አልተንቀጠቀጠም። ቅርጫቱን ከውጭ ይነክሳል፤ እሷም ከውስጥ ትነክሳለች። እንዲህ እያሉ የሙት ዓመቱ ጠዋት ደረሰ። ምግቡን ላቀራርብ ስወጣ ቲየንፋ እንጨቶቹን ይዞ ፎቶው ፊት ቆሟል።

«ዩዌሻ፣ ሙሽራዋን ልልቀቃት?»

ሁለቱም ተደፉ። አነሳና ደግሞ ጣለ፤ አሁንም ተደፉ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ አጎቴ። ሊያዎ ካልተንቀጠቀጠ አትልቀቃት ብሎህ የለ?»

«ዛሬ ካልሆነ መቼ ልታያቸው ነው?» ብሎ ሦስተኛ ጣለ። አንዱ ተደፋ፣ አንዱ ተንጋለለ። ፊቱ እንደዚያ ሲበራ ዓመቱን ሙሉ አላየሁም።

ቅርጫቱን ከፈተ። ዓሣዎቹ አፍ ለአፍ ተያያዙ፤ ተያይዘውም ገንዳውን ዞሩት። መጀመሪያ መሳሳም መስሎን ነበር። ቀጥሎ የክንፍ ቁራጭ ተንሳፈፈ። ቲየንፋ የሩዝ ማጥለያውን ይዞ እጁን እስከ ብብቱ ከተተ፤ እንግዳይቱን ሊያወጣ ሲያሳድድ የዩዌሻ ዓሣ ድንጋይ ሥር ተወሸቀ፣ እሷም ተከትላ ገባች። በመጨረሻ በማጥለያው የወጣው የራሱ ዓሣ ነበር፤ አፉን ሁለቴ ከፈተና ሞተ።

ለሊያዎ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁለታችንም ሰማነው።

«ብቻውን ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ዓመት» አለ ቲየንፋ።

ሊያዎም አስረዳን። «አጎቴ፣ እነዚህ ሲፈለፈሉ ሁሉም ወንድ ናቸው። ሴቷ ስትሞት ባልየው ራሱ ሴት ይሆንና ቦታዋን ይይዛል፤ ለዚያ ጥቂት ወራት ይበቁታል። የእርስዎ ሴት ከሆነ ቆይቷል፤ ከሴትነት ደግሞ አይመለስም። ምነው በነገሩኝ! ጨቅላ እሰጥዎት ነበር፤ ገና ሲገባ ይሰግድለት ነበር።»

ሊያዎን በልቤ ረገምኩት። ግን እሱስ ምን ያድርግ? ዓሣ ሐዘን የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል ብሎ በምን ይጠርጥር!

ቲየንፋ ከነእርጥብ ሽርጡ ዩዌሻ አልጋ ላይ ተቀመጠ። ማጥለያው ጉልበቱ ላይ ነው።

«ቦታዋን ይዞላት ነበር» አለ። «እኔ ጣውንት አመጣሁበት።»

እንግዳይቱ እስካሁን አለች። በደሏ ምንድን ነው እያለ ይመግባታል፤ ወንበሩን ግን ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ አዙሮታል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ ከሊያዎ ጨቅላ ይምጣላት እንደሆነ ዩዌሻን ጠይቃት አልኩት።

«ጠይቄያት ነበር፣ አሜይ» አለኝ። «ሁለቴ እምቢ አለችኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ። ደንበኛ ሲጠፋ ዛሬም ጣሪያውን አዳምጣለሁ። ዝናቡ ይሰማል፣ የገንዳው ሞተር ይሰማል። እንጨቶቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጣሉም።