በሰም የደፈንኩት ስንጥቅ

ጥቅምት ሲጋመስ ነው። ደጋው ላይ ገብሱ ገና ነበር፤ እኛ ግን ከዳባት ቁልቁል ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የቆላ መሬት ነበረን፤ ማሽላው ደርሷል። ከርከሮ ገባበት። ከርከሮ፣ ልጆቼ፣ በልቶ ብቻ አይሄድም፤ የተረፈውን ሰባብሮና ረጋግጦ ነው የሚወጣው። ያ ማሽላ ከጠፋ ክረምቱን የምንሻገርበት እህል አልነበረንም።

አባታችሁ፣ ታላቅ ወንድሙ አያ ደሴና እኔ ወረድን። ቡሬ የሚባል ውሻችንም አብሮን ነበር። የእኔ ሥራ ስንቅ መያዝና ማማው ላይ ሆኖ መጠበቅ ነው። ከመነሳታችን በፊት የጦሩን ዘንግ፣ የገጀራውን እጀታ ሁሉ እየነቀነቅኩ ፈተሽኩ።

«ሚስት ነው ያገባሁት ወይስ የጦር ሹም?» ብሎ ሳቀብኝ አባታችሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልነካሁም፤ አያ ደሴ ወገባቸው ላይ የሻጡትን ቢላዋ። ልነካው ፈርቼ ነው።

አባታችሁ ቢላዋ ሲቀጠቅጥ እንጨት የምመርጠውና እጀታ የምገጥመው እኔ እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ወይራ ለእጀታ የሚሆነው ተቆርጦ ዓመት ሙሉ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ነው። ያኔ የቢላዋው ጭራ ግሎ ሲገባበት ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እርጥብ ከሆነ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የተቆረጠ ወይራ አገኘሁ። ልቡ የጠቆረ፣ መስመሩ እንደ ወራጅ ውሃ የሚያምር። ለአያ ደሴ የመስቀል ስጦታ ይሁን ብዬ ቸኮልኩ። ገጥሜው ሳበቃ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አየሁበት። ሰም ከጥላሸት ጋር ለውሼ ደፈንኩና በቅቤ ወለወልኩት። ሥጋ መቁረጫ ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ።

ቆላ በወረድን ማግስት ሲነጋ ጤዛው ላይ ኮቴ አገኘን። አያ ደሴ ጎንበስ ብለው ጭቃውን በጣታቸው ነኩ።

«ውሃ እንኳ አልቋጠረም፤ አሁን ነው ያለፈው። ወንዴ ነው፣ ብቻውን ነው።»

አባታችሁ ከቡሬ ጋር ከታች ዞሮ ሊያባርረው ሄደ። አያ ደሴ ከማማው ሥር፣ መውጫው ላይ ጦራቸውን ይዘው ቆሙ። ውሻው ሲጮህ ማሽላው ከወዲያ ጫፍ እየተከፈለ መጣ። ከዚያ ጥቁር ነገር ወጣ። ጦሩ ትከሻው ላይ አርፎ ተንሸራተተ፤ እሳቸውም ወደቁ። ከርከሮው ላያቸው ላይ ሲወጣ ቢላዋውን መዝዘው አንገቱ ውስጥ ሰኩት። ሊደግሙት እጃቸውን ሲስቡ፣ የመጣው እጀታው ብቻ ነበር፤ ስለቱ አንገቱ ውስጥ ጠልቆ ቀረ።

ጥርሱን ጭናቸው ውስጥ ሲያስገባ ከላይ ሆኜ አየሁ። ከማማው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የውሃውን ቅል አናቱ ላይ ከሰከስኩበት፤ ዞር ሲልብኝ ቡሬ ጆሮውን ያዘው፤ አባታችሁ ደርሶ በጦር ጣለው።

መቀነቴን ፈትቼ ጭናቸውን ጠፍሬ አሰርኩ። ደሙ በጣቶቼ መሃል ይወጣ ነበር።

«ቢላዋው ምን ሆነ?» አለ አባታችሁ።

አያ ደሴ ቀደሙኝ። «ላብ ነው። ከእጄ አሟለጨኝ» አሉ።

እጀታውን አባታችሁ ሳያይ ከመሬት አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ዳባት ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ እየወጋኝ ተጓዝኩ።

ዳኑ፤ ግን ማነከስ አልቀረላቸውም። ለገና ልጠይቃቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስለ ሰሙ ነገርኳቸው።

«ተነሽ ወዲያ! እኔ መቼ ጠፋኝ?» አሉኝ። «ሰሙ በእጄ ሙቀት ቀልጦ መዳፌ ላይ ተጣብቆ ነበር እኮ። ባልሽ ፊት ምን ልበል?»

ከዚያ ክንዴን ይዘው አንስተውኝ፣ «ሌላ ሥሪልኝ። አሁን ግን አትቸኩይ፤ እኔም እንደሆነ ከእንግዲህ አልሮጥም» ብለው ሳቁ።

ዓመት ከሦስት ወር ጠብቄ ሠራሁላቸው። እስኪሞቱ ድረስ ከወገባቸው አልተለየም።

ያ የተሰነጠቀው እጀታ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ነው። አሁን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ከእናንተ አንዷ ለእጀታ የሚሆን እንጨት ይዛ «እማ፣ ይሄ ይበቃዋል፣ ደርቋል» ስትለኝ አልከራከርም፤ ያንን እጀታ አውርጄ እጇ ላይ አስቀምጥላታለሁ።