ለባላጋራዬ እጅ ስነሣ

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ፣ ጎንደር ውስጥ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ለሥራ ወደ ከተማችን የመጣ አንድ ወጣት ጃፓናዊ ከትምህርት በኋላ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ካራቴ ማስተማር ጀመረ። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ከቀሚሴ ሥር የወንድሜን ሱሪ እለብሳለሁ።

አስተማሪው በተሰባበረ አማርኛ የሚደጋግምልን አንድ ሕግ ነበር፤ ተናድዶ የሚመታ ከአዳራሹ ይወጣል። ስለዚህ ደጁ ላይ ጎንበስ እንላለን፤ ባላጋራችን ፊት ስንቆምም፣ ከግጥሚያው በኋላም እንዲሁ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ሆነ ብሎ አፍንጫዬን መታኝ። ደሙን በእጅጌዬ ጠርጌ እጅ ነሣሁት። ቀና ስል ዓይኔን ማየት ያቃተው እሱ ነበር። ካራቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን በአዳራሹ መስኮት አይታን ኖሮ ለንስሐ አባታችን ነገረች። ቡጢው አላሳሰባትም። ለባዕድ ሰው ትሰግዳለች ነው ያለችው።

አባ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጡ። አባቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ፣ ለሰው ይሰገዳል?» አሉኝ አባ።

«ስግደት አይደለም፣ አባ። እጅ መንሣት ነው።»

«ለማን?»

«ለሚመታኝ።»

ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «ለሚመታሽማ ዱላ ነበር የሚሻለው!»

«አባባ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰዎች ለዳኛው እጅ ነሥተው እርስ በርሳቸው ይሰዳደባሉ። እኛ ግን እርስ በርሳችን እጅ እንነሣሣለን።»

«አፍሽን ያዢ!» አለ አባቴ።

አባ ፈረዱ። ከቅዳሜና ከእሁድ በቀር በየቀኑ አርባ ስግደት፤ ተውሁ አልተውሁ እንደሆነ በየእሁዱ መጥተው ሊጠይቁኝ። ሲወጡ አባቴ «ዐቢይ ጾም ሳይገባ አባ ካልፈቱሽ ትምህርት ቤቱም ይቀራል» አለኝ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ጎንበስ በማለቴ የተፈረደብኝ ቅጣት ጎንበስ ማለት ነበር። ይህን ግን አላልኋቸውም። ጠዋት ጠዋት ግንባሬ መሬት እስኪነካ ሰገድሁ፤ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሄድሁ።

በሚቀጥለው እሁድ አባ መጡ።

«ተውሽ?»

መዋሸት ቀላል ነበር። እጅ ነሥቼ የገባሁበትን አዳራሽ በውሸት ልክደው ግን አልፈለግሁም።

«አልተውሁም።»

«ስግደቱንስ?»

«አንድም አላጎደልሁ።»

«ሰማንያ አድርጊው።»

«እሺ፣ አባ።»

በዚያ ሳምንት ጉልበቴ አበጠ፤ ሐሙስ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ የመቆሙ ልምምድ ሁላችንንም ያንቀጠቅጠን ነበር። ወንዶቹ አሁንም ይንቀጠቀጣሉ። እኔ አልተንቀጠቀጥሁም።

የቅበላው እሁድ አባ ሲመጡ አባቴ የትምህርት ቤት ደብተሮቼን አስሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧቸው ነበር።

«ተውሽ?»

«አልተውሁም፣ አባ። እግሬ ግን በርትቶልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

አባ የታሰሩትን ደብተሮች አዩ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «እንግዲህ ይችን ልጅ ባሰገድኋት ቁጥር የሚጠቀመው ጃፓኑ ነው። አትዋሽም፤ ስግደቱንም አታጎድልም። ምን ብዬ ላውግዛት? ደብተሯን ፍታላት።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝ። አባቴ ገመዱን ሲፈታ አላየኝም።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ደጅ ላይ ጎንበስ አልሁ፤ ጎረቤታችን መስኮቱ ጋ ብትኖር በደንብ እንድታየኝ፣ ከሁሉም ይልቅ ዝቅ ብዬ።