ላዚም ያልኩት መድኃኒት

ዓረብኛዬ ጉድ ያሰኝ ነበር። ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። በአውሮፓውያኑ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ለሥራ በሄድንበት ዓረብ አገር፣ አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሰፈር ውስጥ አምስት ሴቶች ሆነን በተከራየነው ቤት፣ ከሹፌር ጋር የሚጨቃጨቀውም ከአከራይ ጋር የሚነታረከውም የእኔ አፍ ነበር። ስለዚህ እትዬ ከደረጃ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበር፣ ለማስተርጎም ሐኪም ቤት አብሬ የሄድኩት እኔ ነኝ። እትዬ የምንላቸው የቤቱ ታላቅ ነበሩ፤ ሐዳይቅ አል-መዓዲ የሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሕፃን ይጠብቃሉ።

ሐኪሙ ክንዳቸውን በጀሶ አሰረና ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ ጻፈላቸው። የቸኮለ ሰው ነበር። አንድ ፍሬ፣ በየስምንት ሰዓቱ፣ «ዒንድ ኤል ሉዙም» አለኝ። ሉዙም የምትለዋን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ላዚምን ግን ማን ያጣታል? አሠሪዎቻችን ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሟት ናት፤ ላዚም ትመጪያለሽ፣ ላዚም ታጥቢያለሽ። ግዴታ ማለት ነው። ምን ማለትህ ነው ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት! እትዬ ፊት አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

«በየስምንት ሰዓቱ ግዴታ ይውሰዱ ብሏል» አልኳቸው።

እትዬ የታዘዙትን የማያጓድሉ ሰው ነበሩ። ቢያማቸውም ባያማቸውም ይውጣሉ። «ዛሬ እኮ ደህና ነኝ፣ ልተወው ይሆን?» ሲሉኝ፣ «እትዬ፣ ላዚም ነው!» እያልኩ ውኃ አቀብላቸዋለሁ። ቀን ቀን ማንጎላጀት አመጡ። ኪኒኑ ሲያልቅ ደግሞ ያልባቸው፣ ያንቀጠቅጣቸው ጀመር፤ ሆዳቸውም ተበጠበጠ። ስብራቱ አገረሸ ብለን ደመደምን። እታች ያለው ፋርማሲ ወረቀቱን በቅጡ እንኳ ሳያይ ጨመረልኝ። ሲያልቅ ተመልሼ ሄድኩ፤ አሁንም ሰጠኝ።

ጀሶው ተፈቶ ሥራ ከገቡ በኋላም መውሰዳቸውን አላቆሙም። አንድ ቀን ቀትር ላይ እናትየዋ ስትመጣ ሕፃኑ አልጋው ላይ ያለቅሳል፤ እሳቸውን ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ብትቀሰቅሳቸው ቶሎ አልነቃ አሏት። «ማሌሽ፣ ኸላስ»፣ ይቅርታ በቃ፣ ብላ ከሥራ አሰናበተቻቸው።

አባሲያ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የመጀመሪያውን ወረቀት አንብባ በዓረብኛ ጠየቀችኝ።

«ሲያስፈልግ ነው እኮ የሚለው። ያዕኒ፣ ሲያማት ብቻ፤ ያውም ለአምስት ቀን። ሳያማት ለምን ወሰደች?»

ጆሮዬ ጋለ። ሰውነታቸው መድኃኒቱን ስለለመደ በአንዴ መቁረጥ እንደሌለባቸው፣ እሷ መጠኑን እየቀነሰች እንደምታስተዋቸው አስረዳችኝ።

«ምን አለች?» አሉ እትዬ።

«ቀስ በቀስ ይቀንሱ ነው የምትለው» አልኩ። የቀረውን ዋጥኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ካለማወቅ ነበር፤ ይሄኛው ግን ፍርሃት ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለመተው ሁለት ወር ፈጀባቸው። የቤቱ ሴቶች እትዬ ሱስ ያዛቸው ብለው ሲያሙ ሰምቼ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ሐሜቱን አመኑት። ሌላ ሥራ አላገኙምና አገር ቤት ሊመለሱ ሻንጣቸውን ስናስር እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አንቺ ሐኪሙ ያለውን በትክክል ነግረሽኛል። ሌላው ሰው ታዞለት ወስዶ ይተወዋል፤ ሱስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስላንከራተትኩሽ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።