ጋሼ የሚጥሏት ዱላ

በአምቦ ከተማ የሰውን አከርካሪ አጥንት ከአንገት እስከ ታች እየጠራ የሚቆጥር እኔ ብቻ ነኝ። ያለ አስተማሪ፣ ከአንድ አሮጌ የሕክምና መጽሐፍ ራሴ አጥንቼዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ፊደል ያልቆጠሩ ወጌሻ ነበሩ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ እኔን አልፎ እሳቸው ደጅ ይሰለፍ ነበር። አሁን አርባቸው ወጥቷልና አልደብቅም፤ ስቀናባቸው ኖሬአለሁ።

ጋሼ በሽተኛ ሲመጣ፣ ገና ሳይነኩት ዱላቸውን ሆን ብለው ይጥሉና «እስቲ አቀብለኝ፣ ልጄ» ይሉታል። አጎንብሶ ሲያነሳ አይተው ሕመሙን ይለያሉ።

አንድ ቀን ከጎጆ ከተማ አንድ ድንች ጫኝ መጣ። እኔ ቀድሜ ጀርባውን ዳሰስኩና «አራተኛው የወገብ አጥንት ነው» አልኩ። ጋሼ ዱላቸውን ጣሉ። ሰውየው ግራ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ጀርባውን ግን እንደ ልቡ አጥፎ አነሳት።

«ወገቡ ደህና ነው፤ ዳሌው ነው» አሉ። ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተ አጥንቱን ቁጠር፣ እኔ ልሸው!» ብለው ሳቁ።

ሰውየው በሳምንቱ ድኖ መጣና «ገለቶማ፣ አባባ» እያለ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ።

ዱላዋ አሁን የእኔ ናት። ወገቤን ካመመኝ ዓመት አልፎኛል፤ የትኛው አጥንት እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ለጋሼ አንድም ቀን አላሳየሁም። ትናንት ዱላዋ ከእጄ ወደቀች። እያቃሰትኩ አነሳኋትና እንዴት እንዳጎነበስኩ አይተው እንደሆነ ይቀመጡበት ወደነበረው መደብ ዞርኩ።