ሁለት ማንኪያ ማር

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጌራና ከአጋሮ ማር እያመጡ መንደራ ቆጪ ገበያ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ አንደበታቸው ተዘጋ፤ ዓይናቸውም ጣሪያው ላይ ተተክሎ ቀረ። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች «ከእንግዲህ ሰው አይለዩም» ብለው ደመደሙ። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ዝም ትላለች። የሰፈሩን ወሬ አንድ ሳታስቀር የምታወራላቸው ሴት ዝም ስትል ማየት አንጀቴን በላው።

እኔ በዚያ ሰሞን የመመረቂያ ጥናቴን እጽፍ ነበር፤ ስለ ዜሮ ዕውቀት ማረጋገጫ። አንድ ሰው ምስጢሩን ሳይገልጥ፣ ማወቁን ብቻ ለጠያቂው የሚያረጋግጥበት ዘዴ ነው። ያስጨነቀኝ ጠያቂው ኳንተም ኮምፒውተር የያዘ እንደሆነስ የሚለው ነበር። ምስጢሩ እንዳልሾለከ የምናሳየው ብዙ ጊዜ ጠያቂውን በሐሳብ ወደ ኋላ እየመለስን ጥያቄውን በማስደገም ነው፤ የኳንተም ነገር ደግሞ አንዴ ካዩት ይለወጣል፣ ቅጂም አይወጣለትም። ሆኖም ጠያቂው አዲስ ነገር ካላወቀ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበት መንገድ ተገኝቷል። ያንን ያነበብኩ ቀን «ሱብሃነላህ» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ።

አንድ ከሰዓት ነጩን የገተማ አበባ ማርና ጠቆር ያለውን የብሳና አበባ ማር ይዤ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን በሻርፔ ሸፈንኩ።

«አባ፣ ሁለት ጊዜ ላቀምስዎ ነው። ማሩን ከቀየርኩት እጄን ጨበጥ ያድርጉኝ።»

እናቴ ተቆጣች። «ማል ጎታ? ምን እያደረግሽ ነው? ያ ረቢ! አባትሽን እንደ ተማሪ ትፈትኚያለሽ?»

በማንኪያ ጫፍ ምላሳቸውን አስነካሁ፤ ማሩን ቀይሬ ደገምኩ። ጨበጡኝ። አጋጣሚ ይሆናል ብዬ፣ አሁን ሳልቀይር ሞከርኩ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ስቀይር ይጨብጣሉ፣ ሳልቀይር ይተዋሉ፤ በደጋገምኩ ቁጥር ጥርጣሬዬ እየሳሳ ሄደ። መቀየር አለመቀየሬን አስቀድሜ የማውቀው እኔው ስለሆንኩ መልሳቸው አዲስ ነገር አልነገረኝም። የትኛው ገተማ፣ የትኛው ብሳና እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም። ግን አባቴ እዚያ ውስጥ ነበሩ።

እናቴ ማንኪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ። «በቃ፣ ተያቸው» አለችና ወሬዋን ጀመረች፤ የጎረቤታችን ባጃጅ አጥራችንን ጥሶ ጎመኑ መሃል እንዴት እንደተገተረ፣ ሹፌሩም እሷኑ እንዴት እንደተቆጣት። እኔ ሻርፔን ከዓይናቸው አነሳሁ።

ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። የእናቴን እጅ ጨበጡ፤ ወሬዋን እስክትጨርስም አልለቀቁትም።