በባዶ ሆድ የተነገረ መርዶ

ባለፈው ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ስከፍተው ልጄ፣ የወንድሜ ልጅና ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ቆመዋል። እትዬ አልማዝ በሳህን ትኩስ ቂንጬ ይዘዋል። “ዛሬ ካንቺ ጋር ቁርስ እንብላ ብለን ነው” አሉኝ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቂንጬ ይዞ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። መርዶ ነው። ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ማንኪያ አንስቼ በላሁ። ሳህኑ ሲጋመስ ነገሩኝ፤ ታላቅ ወንድሜ አርፏል፤ ከተቀበረም ሦስት ቀን ሆኖታል።

ያን እህል እንዴት እንደዋጥኩት ሰዉን ሁሉ ገርሞታል። እኔ ግን እያኘክሁ አንዲት የመንዝ እናት ትዝ ብለውኝ ነበር።

ያኔ ሠላሳን ገና ያለፍኩ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ለዶክትሬት ዲግሪዬ የያዝኩት ጥናት እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ለምን እንደሚሞቱ ነው። አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሆስፒታል መዝገብ የሟቾችን ስም አወጣለሁ፤ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ መቼ አመማት፣ መጀመሪያ ማን አያት፣ በምን ወሰዳችኋት እያልኩ ከመጀመሪያው ሕመም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እጠይቃለሁ። እንባ ባለበት ቤት እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ይለመዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይለመዳል።

ደግሞ ባህል አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። አርባው ሳይወጣ ሐዘን ቤት አልገባም የሚል ደንብ ለራሴ አውጥቼ፣ አማካሪዬም የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አመስግነውኛል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፤ ሌላ ምን እላለሁ።

በዝርዝሬ ላይ የቀረችው የመጨረሻ ስም ጽጌ ነበረች። ከተማ ያገባች፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ በሰባተኛ ወሯ ደም ግፊት ጥሏት የሞተች ወጣት ናት። ባሏ ቤቱን ለቆ ስልኩም ስለማይሠራ የቀረኝ አድራሻ መንዝ ውስጥ ከዘመሮ ከተማ ወረድ ብሎ ያለው የእናቷ ቀዬ ብቻ ነበር። አርባዋን ቆጠርኩ፤ አልፏል። እስዋን ከጨረስኩ ጥናቱ አለቀ፤ ተጽፎ ይቀርባል፤ ዶክተር እባላለሁ።

በየቤቱ ቀድማ እየገባች የምታስተዋውቀኝ ብርቄ የምትባል የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። የዚያን ዕለት ለክትባት ሌላ ጎጥ ተጠርታ ነገ እንሂድ አለችኝ። ነገማ አውቶቡሱ ያመልጠኛል አልኳት። “እኔ ሳልጠይቅልሽ የማንም ቤት አትግቢ” ብላኝ ሄደች። እኔ የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ እጄን ይዛ ታስቀረኝ ነበር።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሌሊት የወረደው ውርጭ ከካቡ ጥላ ሥር ገና አልቀለጠም፤ ከየአውድማው የገብስ እብቅ ይነሳል፤ ከየቤቱ የኩበት ጭስ ይሸታል። በረባዳው ላይ የቆሙትን ረጃጅም የጅብራ ተክሎች እያለፍኩ፣ ደስ ብሎኝ፣ እያፏጨሁ ወረድኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

የጽጌ እናት እማማ አስካለ እሳት ዳር ተቀምጠው ቅቤ ያነጥራሉ። ኮሰረቱና ኮረሪማው ደጅ ድረስ ይሸታል። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ሹሩባ ተሠርቷል፤ ደጃፉ ላይ የሰባ በግ ታስሯል፤ በማዕዘኑ የገንፎ ዱቄት በስልቻ ተሞልቶ ቆሟል። ሁሉንም አየሁ። ልጇ ከሞተች ሁለት ወር ያልሞላት እናት ጥቁር ሳትለብስ! ደግሞስ በጾመ ነቢያት ቅቤ የሚነጠረው ለማን ነው? ለአራስ ነዋ። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ግን ማየቴን እንጂ ማሰቤን ትቼው ነበር፤ ልቤ አውቶቡሱ ላይ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ስለ ጽጌ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት ስላቸው ፊታቸው በራ። ግቢ ልጄ፣ ግቢ፣ ከሷ ዘንድ ነሽ አሉና መደቡን በነጠላቸው ጠረጉልኝ። እኔ የመንዝ ሰው እንግዳ አክባሪነቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ወረቀቴን አወጣሁ። የፈቃድ መጠየቂያው ቃል ሳይለወጥ፣ እንደተጻፈ እንዲነበብ ኮሚቴው አዝዞኛል። ስለዚህ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ፣ ስለ ሟች ልጅዎ ስለ ወይዘሮ ጽጌ የመጨረሻ ቀናት ጥቂት ጥያቄዎች አቀርብልዎታለሁ ብዬ ጀመርኩ። በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ እስከሚለው ድረስ አንብቤ ቀና አልኩ።

እማማ አስካለ አላለቀሱም። “ቆይ፣ ቅቤው ያራል” አሉና ድስቱን አውርደው አመዱ ላይ አስቀመጡት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

“እስቲ ደግመሽ አንብቢልኝ” አሉኝ።

አላነበብኩም። ወረቀቱን አጠፍኩት። እሳቸው ፊቴን ብቻ አዩና ያን ጊዜ ጮኹ። እኔ የማዋለድ ሰው ነኝ፤ ጩኸት ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አልሰማሁም። ሹሩባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይነጩት ጀመር።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ልጃቸው ጌታነህ ከአውድማው መንሹን እንደያዘ ሮጦ ገባ። ነገሩን ከሱ ሰማሁ። ጽጌ ስትሞት እናቱ በሳንባ ምች ተኝተው ስለነበር ያኔ መርዶ ቢሰሙ አይተርፉም ተብሎ ከተማ ተቀበረች። ድነው ሲነሱ ደግሞ አዝመራው ይግባ፣ ዘመድ ይሰብሰብ ተባለ። አገር ሙሉ ምስጢሩን ጠብቆ ከረመ። እሳቸው ወሯን እየቆጠሩ የአራስ ጥሪታቸውን ሲያዘጋጁ ማንም ከፊታቸው አላለቀሰም። የነፍስ አባታቸው ባሉበት ሊነገራቸው ቀኑ ተቆርጦ፣ እህቶቹም ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ሊመጡ ተሰናድተው ነበር።

“ለእሁድ ነበር” አለኝ ጌታነህ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። “እህል ሳትቀምስ? ጾመኛ ናት፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዷ ባዶ ነው እኮ።”

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

አውቶቡሱን ተውኩት። ዘመሮ ሰነበትኩና እሁድ ለለቅሶው ወረድኩ። ብርቄ አላናገረችኝም፤ ልክ ናት። ከሰው ኋላ ቆሜ ሳለ እማማ አስካለ አዩኝና አስጠሩኝ። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ ጥቁር ለብሰዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

“ምን ታደርጊ፤ አንቺ አልገደልሻት” አሉኝ። ደግሞም፣ “ግን ልጄ፣ ያን ቅቤ ሳነጥር ደስ ብሎኝ ነበር። ምናለ እስከ እሁድ ብትተዪልኝ?”

 

ዶክትሬቱን አገኘሁ። በጥቁር ቆዳ የተጠረዘው መጽሐፌ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ስለዚያ ቀን በውስጡ ያለው “በአንድ ቤት ቃለ መጠይቁ ሳይሟላ ቀርቷል” የሚል ነው። ሙሉውን ልጽፍ ስል አማካሪዬ ለጥናቱ አይጠቅምም አለኝ፤ እኔም አልተከራከርኩም። ምስጋናዬን ለማን ለማን እንዳደረስኩ ሳየው ደግሞ የእማማ አስካለ ስም የለበትም። ሐኪሞቹን፣ ሾፌሩን፣ ጽሑፉን የተየበችውን ልጅ ሳይቀር አመስግኛለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ለቅሶተኛው ቀለል ሲል ልጄ ብስጭቷን አወጣችው። እሷም ሐኪም ናት፤ ዘመዶች ከልክለዋት ነው እንጂ የዚያኑ ዕለት ትነግረኝ ነበር። በዚህ በስልክ ዘመን ሦስት ቀን ሙሉ ምን መደበቅ ነው፣ መቃብሩ ላይ እንኳ ሳትቆሚ አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ወንድሜን ባለመቅበሬ እኔም አንጀቴ አሯል። ግን ያለፉትን ሦስት ቀኖች መለስ ብዬ ቆጠርኳቸው። ቅዳሜ ጎመን ተከልኩ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእትዬ አልማዝ ጋር ስንስቅ ዋልን፤ እሳቸው እያወቁ፣ እኔ ሳላውቅ። ሰኞ ለወንድሜ የምልክለትን ጋቢ አጥቤ አሰጣሁ።

ለልጄ የእማማ አስካለን ነገር ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ስንት ቀን ቀርቷቸው ነበር አለችኝ።

አምስት ቀን፣ አልኳት።