ሳንባው የእኔ ነው

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ወገኖቼ፣ ድምፄ ቢያንስም ታገሡኝ፤ ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልቀመጥም።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ በዚህ ጉባኤ ከኋላ ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ። እዚሁ ካዛንቺስ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ጌታን በራሴ አፍ ጠርቼው አላውቅም ነበር። እናቴ ትጸልይልኛለች፣ ወንድሜ ዳዊት ይናገርልኛል፤ በቃ። ለወራት ሲያስለኝም ሐኪሙን ያነጋገረው ዳዊት ነው። "ብርድ ነው፤ ለማጣራት አንድ ምርመራ ይቀርሻል" አለኝ።

ያን ማክሰኞ ኡራኤል አካባቢ ወዳለ የምርመራ ማዕከል ወሰደኝ። ሊያስመዘግበኝ ሲሰለፍ የሐኪሙን ማዘዣ ወረቀት አስያዘኝ። አነበብኩት። የሳንባ ካንሰር ይላል። በማሽን ምስል የሚነሡት የሳንባዬ ደም ስሮች ነበሩ፦ ዕጢው ትልቁን ደም ስር ይዞታል ወይ? ቀዶ ሕክምና ይቻላል ወይ?

ሲመለስ ወረቀቱን እንዳላነበበ ሰው መለስኩለት። ዝም ማለት ልማዴ ነው።

ባለሙያዋ ክንዴ ላይ መርፌውን እያስተካከለች፣ "የኔ እህት፣ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት ሲገባ ሰውነትሽ ይግላል። ሽንት ያመለጠሽ ይመስልሻል፤ አላመለጠሽም፣ እንዳታፍሪ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ማፈር ነው ሥራዬ! ትንፋሼን እንድይዝ ስታዘኝ ሙቀቱ ከጉሮሮዬ እስከ እግሬ ወረደ። ያኔ፣ ያለ ድምፅ፣ "ጌታ ሆይ፣ አሁን የምትጠራህ እናቴ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ብኖርም ብሞትም የአንተ ነኝ" አልኩት። ሃሌሉያ! ካንሰሩ እዚያው ነበር፤ ፍርሃቴ ግን አልነበረም።

ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ስንደርስ "ቤተሰብ ይግባ" ተባለ። ዳዊት ተነሣ። እኔም ተነሣሁ።

"አንቺ እዚህ ጠብቂ።"

"ሳንባው የእኔ ነው" አልኩት።

"ማን ነገረሽ?"

"ራስህ ያስያዝከኝ ወረቀት።"

ዳዊት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሐኪሙ ግን ወንበር ሳበልኝና ምስሉን አሳየኝ። "ዕጢው ይኸው፣ ደም ስሩ ይኸው። ተጠግቶታል እንጂ አልያዘውም። ቀዶ ሕክምና ይቻላል።"

በመካከላቸው ክር የምታህል ክፍተት ነበረች። ጌታ ይባረክ! ካንሰር እስከዚያች ክር መጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልተፈቀደለትም! አንዲት እህት በኋላ "ጌታ ካለሽ ቢላ ምን ያደርግልሻል?" ብላኛለች። ታዲያ ያቺን ክፍተት ማን የጠበቃት መሰላት?

ዛሬ የግራ ሳንባዬ ጎዶሎ ነው። ደረጃ ስወጣ አርፋለሁ፤ ክትትሌም አላለቀም። ግን ይኸው ቆሜ በራሴ አፍ አመሰግነዋለሁ! ሌላ ሰው የሚጸልይላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ራሳችሁ ጥሩት። ቀስ ብላችሁም ብትጠሩት ይሰማል።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ያደረግሁትን ነግሬያችሁ ልቀመጥ። አንዲት ነርስ የቀዶ ሕክምናውን የፈቃድ ፎርም፣ እንደ ልማዱ፣ ለዳዊት ዘረጋችለት። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ፈረምኩ።